ልጄ ክራር ቢማር ምን ያተርፋል?

ክረምት ሲገባ የልጆች ነገር ወላጅን ያስጨንቃል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጁ ከስልኩ አልላቀቅ ብሏል። የማሠልጠኛ ማዕከላት ማስታወቂያ ደግሞ በየቴሌግራሙ ይጎርፋል። ሥዕል፣ ቴኳንዶ፣ ኮምፒውተር፣ ፒያኖ፣ ክራር። የሙዚቃው ማስታወቂያ ላይ አንድ የማይቀር ሐረግ አለ፦ «የልጅዎን አእምሮ ያጎለብታል»። ወላጅም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ሒሳብ ላይ ይረዳዋል? ውጤቱን ከፍ ያደርግለታል? ወይስ ጭራሽ ከትምህርቱ ያዘናጋዋል?

እኔ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ እንዲማሩ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ትልልቆችም ቢማሩ ደስ ይለኛል። ምክንያቴ ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው አይደለም። ለውጤት ብሎ የጀመረ ቤተሰብ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ለውጥ ሲያጣ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይረሳዋል። የሚያሳዝነው እውነተኛው ጥቅም መታየት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው።

«ሙዚቃ ጭንቅላት ያበራል» የሚለው ነገር ይህን ያህል የተስፋፋው ከአንድ አጭር ጥናት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካሊፎርኒያ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሶናታ ለ10 ደቂቃ አዳመጡ። ከዚያ የተጣጠፈና የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ የመገመት ዓይነት ፈተና ተሰጣቸው። በዝምታ ከተቀመጡበት ጊዜ የተሻለ ሠሩ። ልዩነቱ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ጋዜጦች ይህችን ይዘው ሞዛርት ልጆችን ብልህ ያደርጋል አሉ። በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ በግዛቷ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲሰጥ 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ። ጥናቱ ውስጥ ግን አንድም ሕፃን አልነበረም። የተጠናውም ማዳመጥ እንጂ መማር አልነበረም።

መማርን በደንብ የፈተሸ ጥናት የመጣው በኋላ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ አካባቢ 144 የ6 ዓመት ልጆች በዕጣ ተመደቡ። ገሚሱ የሙዚቃ ኪቦርድ ወይም መዝፈን ተማረ። ሌላው ድራማ ተማረ፤ የቀሩት ምንም አልተማሩም። ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም ልጆች የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ነጥብ ጨምሮ ነበር። አንደኛ ክፍል መግባት ራሱ ይጨምራልና። ሙዚቃ የተማሩት 7 ነጥብ ገደማ፣ ሌሎቹ 4 ነጥብ ከምናምን ጨመሩ። በ2004 ሲወጣ ብዙ ተወራለት። ልዩነቱ ግን ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ከሌሎች ጋር ተግባብቶ በመኖር በኩል የተሻሻሉት ድራማ የተማሩት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች 54 ጥናቶችን፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን አንድ ላይ ሰብስበው አዩ። በ2020 የወጣው ድምዳሜ ቅስም ሰባሪ ነበር። የሙዚቃ ተማሪዎች ሌላ ነገር ከተማሩ ልጆች ጋር በአግባቡ ሲወዳደሩ፣ በማሰብ ችሎታም ሆነ በቀለም ትምህርት የሚታየው ልዩነት ዜሮ አካባቢ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ሒሳብ ደክሞ ከሆነ ሒሳብ ያስጠኑት። ክራሩ ለዚያ አልተሠራም።

ታዲያ ለምን ይማር? ከመሣሪያው ልጀምር፤ መልሱ እዚያው ላይ ነውና።

ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክር አለው። በመግረፍ ስልት ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይመታቸዋል። ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣት ጫፍ ያፍናቸዋል። ዜማው የሚወጣው ካልታፈነው ክር ነው። ጀማሪ ሲሞክረው ሁሉም ክር አንድ ላይ ይጮህበታል። ወይ ሁሉንም አፍኖ የእንጨት ድምፅ ብቻ ያወጣል። ጣቶቹ እንደየብቻቸው መታዘዝ እስኪጀምሩ ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ቀን ግን የቀለበት ጣቱ ሳያስበው በራሷ ትነሳለች። ልጁ ራሱ ደንግጦ ቀና ይላል። ማንም ማርክ አልሰጠውም፤ መቻሉን በጆሮው ሰማ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ቶሎና እንዲህ በግልጽ «ቻልክ» የሚል ነገር ብዙ የለም።

ከዚህ ጀርባ ያለው ነገር በጭንቅላት ውስጥም ይታያል። በ1995 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት እንደ ቫዮሊን ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎችን የሚጫወቱ ሰዎችን አእምሮ ለክቶ ነበር። የግራ እጃቸውን ጣቶች ስሜት የሚቀበለው የአእምሮ ክፍል ከማይጫወቱት ሰፍቶ ተገኘ። በልጅነታቸው በጀመሩት ላይ ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ነበር። ይህ ማለት ብልህ ሆኑ ማለት አይደለም። አእምሮ ደጋግሞ የሚሠራውን ነገር ያጠናክራል ማለት ነው።

ዋናው የሚሠራው ደግሞ ጆሮ ነው። ማሲንቆን ተመልከቱ። ክሩ አንድ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት መስመር የለውም። ድምፁ የት እንዳለ የሚነግርህ ከጆሮህ በቀር ማንም የለም። በፀጉር ስፋት ከሳትክ ይሰማል። ክራርም ቢሆን መጀመሪያ መቃኘት አለበት። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ወደ ትዝታ ማይነር ለመለወጥ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው። በቃ፤ ሁለት ክር። መዳፍ የማታክል ልዩነት ሆና ስሜቱን ግን ሙሉ በሙሉ ትቀይረዋለች። አሁን የስልክ አፕ ይቃኝልናል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስልኩ ወደ ጎን ቢቀመጥና ልጁ በጆሮው ቢፈልገው ይሻላል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በእጁ ቃኝቶ ያወቀ ልጅ፣ ታክሲ ውስጥ የሚከፈተውን ዘፈን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አይሰማውም። ምን እንደተሠራበት ያውቃል። በሕይወቱ በየቀኑ የሚሰማው ነገር ውስጡ ይከፈትለታል። ይህን ትርፍ ከየትኛውም የፈተና ነጥብ አስበልጣለሁ።

የጆሮው ነገር ሙዚቃ ላይ ብቻ አይቀርም። በሎስ አንጀለስ በዝቅተኛ ገቢ ሰፈር ለሚያድጉ ልጆች ነፃ የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆቹን ተከታተሏቸው። እንደ «ባ» እና «ጋ» ያሉ የሚቀራረቡ የንግግር ድምፆችን አእምሯቸው እንዴት እንደሚለይ ለኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ለውጥ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ታየ። ጥናቱ በ2014 ነው የወጣው። እኔ ከዚህ የያዝኩት ሁለቱን ዓመት ነው። የሁለት ወር የክረምት ሥልጠና መግቢያ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ትዕግሥትና ራስን መግዛት ነው። እዚህ ላይ ቬንዝዌላን ማንሳት የግድ ነው። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባሉ ሙዚቀኛና የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1975 የወጣቶች ኦርኬስትራ መሠረቱ። «ኤል ሲስቴማ» ተባለና መላ አገሪቱን አዳረሰ። የድሃ ሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ መሣሪያ ይዘው አብረው ይለማመዳሉ። በኋላ 2,914 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ተሠራ። ልጆቹ ከ6 እስከ 14 ዓመት ናቸው። ገሚሶቹ ወዲያው፣ ገሚሶቹ ከዓመት በኋላ እንዲገቡ በዕጣ ተለዩ። በ2017 የወጣው ውጤት እንዲህ ነበር፦ የማሰብ ችሎታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ራሳቸውን የመግዛት ነገር ግን ተሻሻለ፤ የጠባይ ችግሮችም ቀነሱ። በተለይ ጥቃትና ሁከት የበዛበት አካባቢ ያደጉ ወንዶች ልጆች ላይ ጎልቶ ታየ። ለውጡ በመጠን ትልቅ አይባልም። ቢሆንም በከባድ ሁኔታ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የመጣ ለውጥ ስለሆነ እኔ አላቃልለውም።

አብሮ መጫወት የራሱ ጉልበት አለው። የላይፕዚግ ተመራማሪዎች የ4 ዓመት ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው አጫወቷቸው። አንዳንዶቹ እየዘፈኑና ምት እየመቱ፣ ሌሎቹ ያንኑ ጨዋታ ያለ ሙዚቃ። በኋላ ችግር ሲያጋጥም አብረው የዘፈኑት ናቸው ይበልጥ የተረዳዱት። እኛ ይህንን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም ሊባል ይችላል። እስክስታው፣ ሆያ ሆዬው፣ የደቦው ዜማ አለ። ማኅሌት ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ እኩል ሲወድቅ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። ልጆቻችን ግን ይህን ሁሉ ከመሥራት ወደ ማየት እየዞሩ ነው። ዘፈኑ ስልክ ላይ አለ፤ እነሱ ደግሞ ተመልካች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ከታሪካችን የምወደው ምሳሌ የአርባ ልጆች ነገር ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖች ገዳም 40 ወላጅ አልባ ልጆች መለከትና ሌሎች የናስ መሣሪያዎች ሲነፉ አዩ። ልጆቹ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው። አባት እናታቸውን ያጡ፣ ከአገራቸው የተነቀሉ። ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸውና የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። እስቲ አስቡት። ቋንቋውን የማያውቁበት ከተማ የገቡት መሣሪያቸውን ይዘው ነው። ያቺ የያዟት ሙያ እንጀራም፣ ክብርም፣ ሰውም ሆነችላቸው። የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክም እነሱን ሳያነሳ አይጻፍም። ከእነሱ በኋላ የመጡት የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም ያስተማሩት ልጅ ብዙ ነው። ሳክስፎን በእጁ ይዞ የማያውቅ ወጣት ገብቶ፣ ስሙ የገነነ ሙዚቀኛ ሆኖ ወጥቷል።

ለትልልቆች የሚሆነውን ነገር ብዙ ሰው አይነግራችሁም። «ለኔ ጊዜው አልፏል» የሚል ሰው ይበዛል። በአሜሪካ ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው፣ ፒያኖ ተምረው የማያውቁ ሰዎች ለስድስት ወር አንድ ለአንድ ተማሩ። ካልተማሩት ጋር ሲወዳደሩ ትኩረትንና ፍጥነትን በሚለኩ ፈተናዎች ተሻሽለው ተገኙ። ጥናቱ በ2007 ነው የታተመው፤ የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። በስዊድን ደግሞ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። አንዱ መሣሪያ የሚጫወት፣ ሌላው የማይጫወት ሲሆን፣ በእርጅና የመርሳት ችግር የማጋጠሙ ዕድል ለሚጫወተው በ64 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እዚህም ላይ እጅግ መጠንቀቅ አለብን። እንዲህ ዓይነት መንትዮች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ጤነኛ የሆነው ሰው ስለሆነም ሊሆን ይችላል መጫወቱን የቀጠለው። መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ግን ጡረታ ወጥቶ ቀኑ የረዘመበት አባት ጠዋት ተነስቶ የሚለማመደው ነገር ቢኖረው ምን ይከፋል?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሳስብ ይህ ይታየኛል። በ1923 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላ ፒያኖውን የሙሉ ዕድሜ ጓደኛ አደረጉት። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሆነው እርጅናቸውንም ከፒያኖው ጋር አሳለፉ። በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። በ1960ዎቹ የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲውል ነበር ያደረጉት።

ለአዋቂ ጀማሪ በገናን የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ። በገና 10 ክር አለው፤ ሁሉም ግን አይደረደርም። ብዙ ደርዳሪዎች የሚነኩት አምስት ወይም ስድስቱን ነው፤ ሌሎቹ ጣት ያርፍባቸዋል። ክሩ የተሸከመውን እንጨት፣ ማለትም ድልድዩን፣ በሚነካበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች አሉ። ያ የሚነዝረው ድምፅ ከእነሱ ነው። እንዚራው በትንሹ ከተንሸራተተ ክሩ ይደነቁራል። ስለዚህ በገና ደርዳሪ ከመጫወቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ቆዳ ያስተካክላል። አትቸኩልም። ዜማው ራሱ ዘገምተኛ ነው፤ ድምፁም ለራስ እንደመናገር ነው። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ጠፍቶ ነበር። ሊረሳ ተቃርቦ እንደገና የመጣው እንደ አለሙ አጋ ያሉ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይቀር ያስተማሩ ሰዎች ስለያዙት ነው። ዛሬ በዐቢይ ጾም የወጣቶች የበገና ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ሴቶቹም ብዙ ናቸው። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በቪዲዮ ጥሪ ያስተምራሉ። አማርኛ የሚከብደው ልጅ ግጥሙን ሲያጠና ቃላቱን ሳያስበው ይለምዳቸዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ልጃችን ፒያኖ ልማር ሲል ደስ ይለናል፤ ለእንግዳም እናወራለን። ማሲንቆ ልማር ሲል ግን ፊታችን ይቀየራል። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እንላለን። ይህ ንቀት የቆየ ነው፤ ስንት ባለሙያም በልቷል። ዘፈኑን ወደን ዘፋኙን፣ ማሲንቆውን ወደን መቺውን የናቅን ሰዎች ነን። በጆሮ ብቻ የሚገኝ ድምፅ አውጥቶ፣ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው እዚያው ግጥም ፈጥሮ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያስኬድ ሰው የሚሠራው ከባድ ሥራ ነው። ልጅ ይህን ቢማር ከፒያኖው በምን ያንሳል? በዋጋም ቢሆን ማሲንቆና ክራር ከፒያኖ ጋር አይወዳደሩም። እዚሁ ይሠራሉ፤ ሲበላሹ እዚሁ ይጠገናሉ።

አሁን ጉዳዩ ወላጅ ጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤት ጋ ሊሄድ ይገባል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል። መጽሐፉ አለ። ነገር ግን ክራር በሌለበት ክፍል ስለ ክራር ማንበብ፣ ውሃ በሌለበት ስለ ዋና መማር ነው። ልጁ ስንት ክር እንዳለው ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፋል፤ ድምፁን ግን አላወጣም። ሙላቱ አስታጥቄ ወጣት ሳሉ ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ዌልስ ውስጥ የገቡበት ትምህርት ቤት ግን ተማሪዎቹን ኪነ ጥበብም ያስሞክር ነበር። ወደ ሙዚቃው ያዘነበሉት እዚያ ነው። መሣሪያው እዚያ ባይኖር ኢትዮ ጃዝን ማን ይሰጠን ነበር? ስንት ልጅ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ይዞ፣ ሳይሞክረው 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል?

ለአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ክራር ብዙ አይደለም። ወላጅ ኮሚቴ ለግቢ ቀለም የሚያዋጣውን ያህል ቢያዋጣ ይገኛል። አስተማሪውም ሩቅ አይደለም፤ ከያሬድ የሚመረቁ ወጣቶች አሉ፤ በየሰፈሩም ዲግሪ የሌለው ግን እጁ የተባረከ ሰው አይጠፋም። እሱን ክፍል ውስጥ የሚያስገባ አሠራር ነው የጎደለው።

ቤት ውስጥ ለምትጀምሩ ጥቂት ልጨምር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል። አዲስ የናይለን ክር መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይላላል፤ ክራሩ ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት፣ ደጋግማችሁ ቃኙት። የጣት ጫፍ ይቆስላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይጠነክራል። መሣሪያውን ሳጥን ውስጥ አትደብቁት፤ ሳሎን ውስጥ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ተጫወትላቸው» እያላችሁ ልጁን አታሸማቅቁት። ሦስተኛው ወር አካባቢ «ሰለቸኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ አስተማሪውን አነጋግሩና የሚወደውን አንድ ዘፈን ያስጀምረው።